የተለበሰ ቀሚስ

ናኦሚ ቀሚሱን ከቁምሳጥኑ አውጥታ፣ የልብስ ንጽህና ቤቱ ፕላስቲክ ገና ሳይገፈፍለት፣ በከበቡሽ ክንድ ላይ አኖረችውና «ልበሺው፤ እኔ ገና መልበስ አልችልም» አለቻት። ከዚያ በላይ አላብራራችም። ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ ስለ እናቷ መቃብር ድንጋይ ከሚያነጋግራት ሰውዬ ጋር ትጨቃጨቅ ነበርና ቀሚሱን አቀብላ ወደ ፎቅ ወጣች። ከበቡሽ ደግሞ ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው የመስማት ልማድ የላትም። ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን ራሷ ትሞላዋለች። ይሄንንም ሞላችው። ሐዘን የገባት ሴት ባለ ቀለም ልብሷን ለጎረቤት፣ ለሠራተኛ ታድላለች፤ ከል የለበሰ ሰው ባለ ቀለም ቀሚስ ምን ይሠራለታል? አገሯ ሳለች ይህን ያደረጉ ስንት ሴቶች አይታለች። እንግዲህ ፈረንጅም ሲያዝን እንደ ሰው ነው ብላ ወደ ደረጃው «ታንክ ዩ» አለች፤ የሰማት ግን የለም።

ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ አይሁዶች በሚበዙበት ሰፈር ያለ የጡብ ቤት ነው። ከበቡሽ የናኦሚን እናት፣ እማማ ጎልዲን፣ ሁለት ዓመት አገላብጣ አጥባ፣ አጉርሳ፣ አስተኝታ ይዛቸዋለች፤ ሲሞቱም እጃቸው በእጇ ውስጥ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ናኦሚ የእናቴን ዕቃ እስክናነሳ አብረሽኝ ቆዪ ስላለቻት ነው እስካሁን የምትመላለሰው። ለቅሶ በተቀመጡበት ሳምንት ከበቡሽን ምንም አልከበዳትም። መስታወቱ ሁሉ በአንሶላ ተሸፈነ፣ ናኦሚ ከመሬት ብዙም ከፍ የማትል በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ቀብሩ ላይ የቀደደችውን የሸሚዟን ኮሌታ ሳትሰፋው ለብሳው ሰነበተች። ከበቡሽ መርፌና ክር ይዛ ብትጠጋት እጇን ያዘቻት፤ ለእናት የተቀደደ አይሰፋም አለቻት። የናኦሚን ልብስ ማጠብም ቀረ። የእናቴን አንሶላ እጠቢ፣ የእኔን ቅርጫት ግን ወሩ እስኪሞላ አትንኪው ተባለች። ይሄ ሁሉ ለከበቡሽ እንግዳ አልነበረም፤ እሷም ባደገችበት አገር ሐዘንተኛ መሬት ይተኛል፣ ልብሱ እድፍ እስኪይዝ አይለውጥም። ሰውን የሚያሳስተው የሚያውቀው ነገር ነው። ጨርሶ የማታውቀው ቢሆን ኖሮ ትጠይቅ ነበር።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ለበሰችው። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ እጅጌው እስከ አንጓ፣ ቁመቱ እስከ ባት የሚደርስ ጨዋ ቀሚስ ነው። ለእሷ የተሰፋ ይመስላል፤ ሁለቱ ሴቶች በቁመትም በውፍረትም እኩያ ናቸው፣ እማማ ጎልዲም በመጨረሻ ጊዜያቸው ከኋላ እያዩ አንዷን በሌላዋ ስም ይጠሩ ነበር። እንዳማረባት መስታወቱ ነገራት። ወዲያው ግን አንድ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ፤ ልባሽ። ብብቱ ላይ ቀለሙ ትንሽ ሳሳ ብሏል። ከኮሌታው ሥር ያለችው ቁልፍ ደግሞ ከሌሎቹ አትመሳሰልም። ከሰጡ አይቀር አዲስ አይሰጡም? ብላ አሰበች፣ ባሰበችው ነገር አፈረች፤ ሐዘንተኛ ሰው ላይ እንዲህ ይታሰባል? ማፈሯ ደግሞ አናደዳት። ከበቡሽ ኀፍረቷን የምታስታግሰው በንዴት ነው።

በዚያው ቀሚስ የእማማ ጎልዲን ብርድ ልብስ ስታጥፍ፣ ሹራቦቻቸውን በካርቶን ስታሽግ አረፈደች። ቀትር ላይ፣ መውጫዋ ሲደርስ፣ ናኦሚ አሁንም ስልክ ላይ ነበረች፤ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ድምፅዋ ይሰማል። ሰው ስልክ ሲያወራ ማቋረጥ ነውር ነው ብላ ከበቡሽ የራሷን ሱሪና ሸሚዝ በፌስታል ቋጥራ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። እስከ አሌክሳንድሪያ መንገዱ ረጅም ነው። ባስ፣ ከዚያ ቀዩ ባቡር፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው መቀየር፣ ፔንታገን ወርዶ እንደገና ባስ። ባቡሩ ውስጥ አንዲት ወጣት ቀሚስሽ ያምራል አለቻት፤ ደስ አላት። ወንዙን ሲሻገሩ የሳሳው ብብት ትዝ አላትና ክንዷን ገጠመች። እንዲህ ደስ ሲላትና ሲከፋት ሰፈሯ ደረሰች።

ቤት እንደገባች ቀሚሱን አውልቃ ከሳምንቱ ልብስ ጋር ቅርጫት ውስጥ ጣል አደረገችው፤ ከንጽህና ቤት ቢመጣም የሰው ልብስ ራሷ ሳታጥበው አያምናትም። ላውንደሪው ምድር ቤት ነው። ማሽኖቹ ድሮ በሳንቲም ይሠሩ ነበር፣ አሁን በካርድ ሆነው በየመንፈቁ ዋጋ ይጨምራሉ፤ ግማሾቹም አይሠራም የሚል ወረቀት እንደተለጠፈባቸው ይከርማሉ። አሰፋሽ አንሶላ ስታጥፍ አገኘቻት። አሰፋሽ እዚሁ ሕንጻ፣ አምስተኛው ፎቅ የምትኖር፣ አብረው ማኅበር የሚጠጡ ጎረቤት ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ አፏ ግን አያርፍም። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ቅርጫቱ ላይ አረፈ። ቀሚሱን አነሳች፣ ገልብጣ አየችው፣ የማትመሳሰለዋንም ቁልፍ አገኘቻት።

«ይሄ ደግሞ ከየት ነው?»

«ናኦሚ ሰጥታኝ ነው።»

«ሁለት ዓመት እናቷን ተሸክመሽ ልባሽ? አገር ቤት እንኳ ለሠራተኛ በዓል ሲመጣ አዲስ ይገዛላታል፣ ከቤ።»

አሰፋሽ ይህን ያለችው እየሳቀች፣ ለጨዋታ ነው። የከበቡሽ ፊት ግን ቀላ። ከወዲያ ልብሳቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አማርኛ ባይሰሙም የሰሙ መሰላት። አፏ ሳያማክራት ተናገረ፤ ኧረ ለእኔ አይደለም፣ ውጭ ያለው ሣጥን ውስጥ ልጥለው ነው ይዤው የወረድኩት አለች። አሰፋሽ እኔም ወደ መኪናዬ ልወጣ ነበር ብላ አንሶላዋን አቅፋ አብራት ወጣች። ከዚህ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ለተቸገረ ልብስ የሚሰጥበት ትልቅ የብረት ሣጥን አለ፤ አፉን ወደ ራስ ሲጎትቱት ይከፈትና የሰጡትን ወደ ውስጥ ገልብጦ ይውጠዋል። ከበቡሽ ቀሚሱን አጣጥፋ አስቀመጠችበት፣ እጀታውን ለቀቀችው። አሰፋሽ «አንጀቴን አራስሽው» አለቻት። ለጥቂት ጊዜ የከበቡሽም አንጀት የራሰ መሰላት።

ልጇ ሜሪ ከቤት ነው የምትሠራው። ሳሎኑ ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ኮምፒዩተሯን ከፍታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ጭና ትውላለች። መኝታ ቤቱ አንድ ነው፣ እሱም የሜሪ ነው፤ እናት ሶፋው ላይ ትተኛለች። ኪራዩ በየዓመቱ ስለሚንር ሰፋ ያለ ቤት የሚባል ወሬ ከቀረ ቆይቷል። እናትና ልጅ በዚያች ሳሎን ተጠባብቀው መኖር ለምደዋል። ሜሪ ስብሰባ ላይ ስትሆን ከበቡሽ በእግሯ ጣት ትሄዳለች፣ ከበቡሽ ደክሟት ጋደም ስትል ሜሪ ድምፅ ሳታሰማ ትበላለች፤ ሳይጣሉም ሳይነጋገሩም ሳምንት ያልፋል። የዚያን ዕለት ስልኩ ሲጠራ ከበቡሽ ሽንኩርት ትከትፍ ስለነበር በክርኗ ነክታ ስፒከር አደረገችው።

ናኦሚ ናት። ድምፅዋ ከጧቱ ረጋ ብሏል። ቀሚሱን የት ሰቀልሽው፣ ፈልጌ አጣሁት አለች። ነገ ሥራ እመለሳለሁ፣ ስገባ የምለብሰው እሱን ነው፣ እናቴ የመረጠችልኝ ነው፣ ቁልፉ የጠፋ ጊዜም ሌላ ፈልጋ የተከለችልኝ እሷ ናት አለች። ደግሞም ጧት በጥድፊያ ስለነበርኩ በወጉ ሳልለምንሽ ቀረሁ፣ ይሄን የሚያደርግልኝ እህት የለኝም፣ ያለሽኝ አንቺ ነሽ አለቻት። ከበቡሽ ቢላዋውን አስቀመጠች። ምን እንደተለመነች አልገባትም፤ ቀሚሱ ተፈላጊ መሆኑ ግን ገባት። ለብሼው ወጥቻለሁ፣ ዛሬውኑ አመጣዋለሁ አለች። ናኦሚ ሳቀች፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ስትስቅ ከበቡሽ አልሰማቻትም ነበር። ቀኑን ሙሉ ከለበስሽልኝማ ጭራሽ ጥሩ ነው፣ ተባረኪ ብላ ዘጋች።

ሜሪ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አውርዳ ሁሉን ሰምታለች። ምንድን ነው የለበስሽላት አለቻት። ከበቡሽ የጧቱን ነገረቻት፤ ስጦታ ብላ መውሰዷንም፣ ሐዘንተኛ ባለ ቀለም ልብስ የሚያድል መሆኑንም። ሜሪ ስልኳን እየነካካች አነበበች፣ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጣ።

«ማሚ፣ ጊፍት አይደለም። ፌቨር፣ ውለታ ነው የጠየቀችሽ።»

ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዳቻት። በእነሱ ሕግ ሐዘንተኛ ወሩ እስኪሞላ ታጥቦ የተቀመጠ ልብስ አይለብስም፣ ንጹህ ልብስ ለደስታ ነው። ሰው ፊት መቅረብ ግድ ሲሆንበት ግን ሌላ ሰው ልብሱን ቀድሞ ለትንሽ ጊዜ ይለብስለታል፤ ያን ጊዜ የተለበሰ ልብስ ይሆናል፣ ሐዘንተኛውም ይለብሰዋል። የሚለብስለት የቤት ሰው፣ የቅርብ ወዳጅ ነው። ከበቡሽ ሽንኩርቱ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ሕጋቸውን አክብራ የወተቱን ዕቃ ከሥጋው ዕቃ ለይታ ስታጥብ የኖረች ሴት ይሄንንም ታውቃለች ብላ ነው ናኦሚ ያላብራራችው። እንደ ቤት ሰው ተቆጥራ ሳለ እንደ ገረድ የተቆጠረች መስሏት ስትናደድ ዋለች።

«ጣልኩት እኮ» አለች።

«ዋት ዱ ዩ ሚን፣ ጣልኩት?»

ስለ ሣጥኑ ነገረቻት። ከአሰፋሽ ፊት እንዳላፍር ብዬ ነው የምትለዋን ግን ዋጠቻት፤ ከሁሉም የከፋችው ያች ቃል ነበረች። አብረው ወረዱ። ሜሪ ቀጭን ክንዷን በሣጥኑ አፍ እስከ ትከሻዋ አስገብታ ታገለች፣ እናት እጀታውን ስባ ያዘችላት፤ የብረቱ ምላስ ከውስጥ እየዘጋ ክንዷን ከመላጥ በቀር ምንም አልተገኘም። ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሰውዬ ቆሞ አያቸው። ከበቡሽ የድሃ ልብስ የሚሰርቁ እንዳይመስሉት ፈገግ ብላ ሰላም አለችው፣ እሱ ግን ሰላምታዋን ሳይመልስ ውሻውን ጎትቶ ሄደ። ሣጥኑ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ሲደውሉ የተቀዳ ድምፅ መልእክት ተዉ አላቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ከበቡሽ ያፈሰሰችው የሚለቀምም አልነበረም።

ሱቅ እንሂድ፣ መሳዩን እገዛላታለሁ አለች። ሜሪ ራሷን ነቀነቀች፤ አዲስ ልብስማ ጭራሽ አይሆንም። ከበቡሽ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። አዲስ ዕቃ በከረጢት ይዞ ሄዶ ይቅርታ ማለት ይቻላል፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እሱም ተዘጋባት። ብዙ ካሰበች በኋላ ተነሥታ ወደ ቤት ወጣችና፣ ሜሪ ለእናቶች ቀን የገዛችላትን ግራጫ ቀሚስ ከሻንጣ አወጣች። ለሰርግ ሁለቴ ለብሳው ካልሆነ የተቀመጠ ልብስ ነው፤ ከነበራት ሁሉ የምትሳሳለት እሱ ነው። ለበሰችው። ሜሪ ለምን ይዘሽው አትሄጂም ስትላት፣ ሲለበስ አይደል የሚሆነው አለቻት። ሜሪ የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት መንገድ በዚያ ሰዓት እንደ ወትሮው በመኪና ተጨናንቆ ነበር። መኪናው ውስጥ ሬዲዮም አልተከፈተም። ከድልድዩ በፊት ሜሪ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ፣ ልባሽ ብትሰጥሽስ ምን ነበረበት፣ እኔ የምለብሰው ግማሹ ከትሪፍት፣ ከልባሽ ሱቅ አይደል አለች። ከበቡሽ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ልጄ ሆይ፣ የሰው ልብስ ወድዶ መግዛትና ተወርውሮ መልበስ አንድ አይደለም ልትል ነበር፤ ግን የወረወረው ማን ሆነና? ሳትለው ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሱ። ሜሪ መኪናው ውስጥ ቀረች።

ናኦሚ በሩን የከፈተችው ለቅሶውን ሙሉ በለበሰችው ቡናማ ጉርድ ነው። ግራጫውን ቀሚስ አየች፣ ከዚያ የከበቡሽን ባዶ እጅ አየች። ከበቡሽ በመንገድ ላይ ውሸት አዘጋጅታ ነበር፤ ባቡር ላይ ረሳሁት የሚል፣ ደህና ውሸት። በሩ ሲከፈት ግን አፏ ላይ አልመጣላትም። ቆማ፣ ደረጃው ላይ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዋ ነገረቻት።

«ልባሽ የሰጠሽኝ መስሎኝ ነው። ተናድጄ ጣልኩት።»

ናኦሚ ወደ ውስጥ ተመልሳ ለቅሶ በተቀመጠችባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች፤ በርጩማዋ ገና አልተነሳችም። ከበቡሽ ተከትላት ገብታ ግድግዳ ጥግ ቆመች። ብትጮህባት፣ ውጪ ከቤቴ ብትላት በወደደች ነበር።

«ቁልፉም አብሮ?» አለች ናኦሚ።

«አብሮ።»

«እናቴ በእጅሽ ላይ ነው የሞተችው፣ ከበቡሽ። እኔ ላንቺ እንዲህ የማደርግ መሰለሽ?»

ከበቡሽን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ምንኛ በቀለላት። የቀሚሷን ጫፍ ያዘችና፣ ይሄን ከቤቴ ጀምሮ ለብሼው መጥቻለሁ፣ ታጥቦ የተሰቀለ አይደለም፣ ላንቺ ነው አለች። ስትሰማው ለራሷም አሳፈራት፤ የገዛ ልብሷን፣ የሠራተኛ ልብስ፣ ቁምሳጥኗ ሙሉ ለሆነ ሴት። ናኦሚ ከሙሉው ቁምሳጥን አንዱን አውጥታ አሁኑኑ ልበሺልኝ ልትላት ትችል ነበር። አላለቻትም። ተነሥታ ወደ ፎቅ ይዛት ወጣችና አውልቂው አለቻት፣ ተቀበለቻትና እዚያው መኝታ ቤቷ በር ላይ ለበሰችው። ከታች እስከ ላይ ቆለፈችው። ልክ ሆናት። እጅጌውን በመዳፏ ዳሰሰችና «ገና ይሞቃል» አለች፣ ነገም ይሄን ለብሼ እገባለሁ አለች። ከበቡሽ በውስጥ ልብሷ፣ ክንዶቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ቆማለች። እያለቀሰች መሆኗ የታወቃት ያኔ ነው፤ የእማማ ጎልዲ ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

ናኦሚ ቁምሳጥኑን ከፍታ ፕላስቲክ የለበሰ አረንጓዴ ቀሚስ አወጣች። ወደ ቤት የምትሄጂበት አለችና፣ አሁን ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዳቻት።

«ይሄ ስጦታ አይደለም። ትለብሺልኛለሽ፣ ነገ ትመልሺልኛለሽ። አትጠቢው። አትጣዪው።»

የመጨረሻዋን ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም ቀልድም አልነበረም። ከበቡሽ እሺ አለች፣ ለበሰችው፣ ወጣች። መኪናው ውስጥ ሜሪ አረንጓዴውን ቀሚስ አይታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው። ከበቡሽም የመኪናው ቀበቶ ቀሚሱን እንዳያጨማድደው እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ በእጇ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

ሜሪ መኪናዋን ልታቆም ስትሄድ ከበቡሽ ሊፍት ውስጥ ገባች። በሩ ሊዘጋ ሲል አሰፋሽ የላውንደሪ ቅርጫቷን አስቀድማ ገባች፤ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ ጣልኩት ስትያት ሌላ ጨመረችልሽ እንዴ ብላ ሳቀች። ከበቡሽ ወለል ወለሉን አየች። ሊፍቱ አምስተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፣ አሰፋሽ ወጥታ መልሷን ለመስማት በሩን በእጇ ያዘች።

«አልሰጠችኝም» አለች ከበቡሽ። «ሐዘን ላይ ስለሆነች እየለበስኩላት ነው። የቅድሙም እንደዚሁ ነበር።»

አሰፋሽ መሳቋን ተወች። እጇን ከበሩ ላይ አነሳች፣ በሩም ተዘጋ።